ገመድ፣ ጄሪካንና ጭብጨባ፦ የሞገድን ፍጥነት ቤት ውስጥ የመለካት መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ የማስጠናቸው ተማሪዎች ሞገድ ላይ ሲደርሱ ሁሌ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «ገመዱን ቶሎ ቶሎ ብወዘውዘው ሞገዱ ይፈጥናል አይደል?» ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ፍጥነት ማለት ድግግሞሽ (በሴኮንድ ውስጥ ያለው የምት ብዛት) ሲባዛ በሞገድ ርዝመት (ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ ያለው ርቀት) ነው። ስለዚህ ድግግሞሹ ከጨመረ ፍጥነቱም ይጨምራል ብለው ይደመድማሉ። ወላጆችም ይህንኑ ይጠይቁኛል፣ ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራንም እንዲሁ።

መልሱ «አይፈጥንም» ነው። የሞገዱን ፍጥነት የሚወስነው የሚሄድበት ነገር ነው። ገመድ ከሆነ ምን ያህል እንደተወጠረና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ውሃ ከሆነ ጥልቀቱ፣ አየር ከሆነ ሙቀቱ። የእናንተ እጅ የሚወስነው ድግግሞሹን ብቻ ነው። እጃችሁ ሲፈጥን የሞገዱ ርዝመት በዚያው ልክ ያጥራል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆያል።

ይህን አንብቦ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ራሱ የለካው ሰው ፈተና ላይ አይምታታበትም። ስለዚህ ከታች ሦስት ሙከራ አለ፦ በገመድ፣ በውሃ፣ በድምፅ። ጊዜ ካጠራችሁ የገመዱን ብቻ ሥሩ፤ ዋናው ነገር ያለው እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 8 ሜትር የሚሆን ወፈር ያለ ገመድ። የቃጫ ገመድ ይመረጣል። ቀጭን የልብስ ማስጫ ገመድም ይሠራል፣ ግን ቀላል ስለሆነ ሞገዱ በጣም ይፈጥናል፤ ዓይን ለመከተል ይቸገራል። አራዳ ገበያ ስትሄዱ ከባዱን ምረጡ።
- ባለ 5 ሊትር ጄሪካን፣ መያዣው ያልተሰነጠቀ
- ውሃ መስፈሪያ የሚሆን የ1 ሊትር ሃይላንድ
- ሦስት ቁራጭ ባለ ቀለም ጨርቅ
- የአናጢ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- ስቶፕዎች ያለው ሞባይል
- አራት ማዕዘን የሆነ፣ ግርጌው ነጭ ወይም ፈዛዛ የሆነ የፕላስቲክ መያዣ፤ ርዝመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳው ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር። ክብ ሳፋ ለዚህ አይሆንም፤ ሞገዱ ከየአቅጣጫው ተመልሶ መሀል ላይ ስለሚገናኝ ለመለካት ያስቸግራል።
- ማስመሪያ፣ ሁለት የጡብ ወይም የሸክላ ስባሪ
- አንድ ረዳት። ብቻችሁን መወዝወዝም መቁጠርም ሰዓት መያዝም አይሆንላችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ገመዱን መብራት ምሰሶ ላይ አትሰሩ፣ ሽቦ በሚያልፍበት ሥርም አትወዝውዙ። ጄሪካኑ 4 ሊትር ውሃ ሲይዝ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከመሬት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ ሥሩ ማንም እግሩን እንዳያስገባ። ገመዱን የምታሳልፉበት ብረት የሚነቃነቅ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሕፃናት ካሉ ውሃውን ሞልታችሁ ትታችሁ አትሂዱ።

ሙከራ አንድ፦ ገመድ

1. ገመዱን የወገብ ቁመት ያህል ከፍ ባለ ጠንካራ አግዳሚ ብረት ወይም አጣና ላይ አሳልፉት። በወዲያኛው ጫፍ ጄሪካኑን እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ እናንተ ያዙ። ጄሪካኑ እዚህ ያለው ውጥረቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ ነው። ገመዱን በእጃችሁ ብቻ ብትወጥሩት ሳታውቁት አንዴ ታጠብቃላችሁ አንዴ ታላላችሁ፣ ውጥረቱ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ፍጥነቱ ይቀየራል፤ ያኔ የለካችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ብረቱ የዛገ ከሆነ ፌስታል ጠቅልሉበት፣ ገመዱ እንዳይያዝ።

2. ከብረቱ እስከ እጃችሁ 6 ሜትር ለኩና የምትቆሙበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ። ከመስመሩ አትነቃነቁ። የሞገዱን ርዝመት የምናሰላው ከዚህ 6 ሜትር ስለሆነ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው እስከ መጨረሻው ይሳሳታል።

3. ጨርቆቹን ከብረቱ 2 ሜትር፣ 3 ሜትርና 4 ሜትር ላይ እሰሩ። ጄሪካኑ ውስጥ 1 ሊትር ውሃ ጨምሩ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ የሚስበውም ወደ 10 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ነው።

4. መጀመሪያ እጃችሁን አንዴ ብቻ ቶሎ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ። አንድ ጉብታ ገመዱን ይዞ ይሄዳል። ዓይናችሁን ጉብታው ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ አድርጉ። ጨርቁ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እዚያው ቦታው ላይ ይቀራል። ጉብታው ግን ብረቱ ጋ ደርሷል። ሞገድ የሚያጓጉዘው ጉልበት እንጂ ገመዱን እንዳልሆነ የምታዩት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ደጋግማችሁ ሞክሩትና ሲመለስም ተመልከቱ፤ ወደ ላይ የላካችሁት ጉብታ ተገልብጦ ወደ ታች ሆኖ ይመጣል። ብረቱ ጋ ያለው የገመድ ክፍል መነሳት ስለማይችል ነው፤ ገመዱ ብረቱን ወደ ላይ ሲስብ ብረቱ በተራው ገመዱን ወደ ታች ይስበዋል።

5. አሁን እጃችሁን ሳታቋርጡ በዝግታ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ፍጥነታችሁን ቀስ በቀስ ጨምሩ። የሆነ ምት ላይ ስትደርሱ ገመዱ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ቅስት ላይና ታች ይላል፣ እጃችሁም እንደቀለለው ይሰማችኋል። እዚያ ላይ ቆዩ። ረዳታችሁ 20 ሙሉ ምት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ይያዝ። አንድን ምት ብቻ ለመለካት አትሞክሩ፤ ጣት ስቶፕዎቹን ለመንካት የምታባክነው ጊዜ ከምቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፣ ለ20 ሲካፈል ግን ይጠፋል።

6. ምቱን አፍጥኑት። ለትንሽ ጊዜ ገመዱ ይረበሻል፣ አትጨነቁ። እጥፍ ገደማ ስትደርሱ ለሁለት ቅስት ይከፈልና መሀል ላይ ያለው ጨርቅ፣ የ3 ሜትሩ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌላው ሁሉ እየተናጠ እሱ ብቻ የማይነቃነቅ ከሆነ በትክክል አግኝታችሁታል። አሁንም 20 ምት ቁጠሩ።

7. የበለጠ አፍጥኑት፣ ለሦስት ቅስት። አሁን የሚቆሙት የ2 ሜትሩና የ4 ሜትሩ ጨርቆች ናቸው። ይህኛው እጅ ያደክማል፤ ካልሆነላችሁ በረዳታችሁ ተቀያየሩ።

8. አስሉ። አንድ ቅስት የሞገድ ግማሽ ነው። ስለዚህ በ6 ሜትር ገመድ ላይ አንድ ቅስት ካለ የሞገዱ ርዝመት 12 ሜትር ነው፣ ሁለት ካለ 6 ሜትር፣ ሦስት ካለ 4 ሜትር። ድግግሞሹን ለማግኘት 20ን በያዛችሁት ሰከንድ አካፍሉ። ከዚያ ሁለቱን አባዙ።

ለምሳሌ የመጀመሪያው 20 ምት 20 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 10 ሰከንድ፣ ሦስተኛው 6.7 ሰከንድ ቢወስድ፣ ድግግሞሹ 1 ኸርዝ (በሴኮንድ 1 ምት)፣ 2 ኸርዝና 3 ኸርዝ ይሆናል። 1 ሲባዛ በ12፣ 12። 2 ሲባዛ በ6፣ 12። 3 ሲባዛ በ4፣ እሱም 12። እጃችሁ ሦስት እጥፍ ፈጠነ፣ ሞገዱ ግን በሴኮንድ 12 ሜትር ከመሄድ ንቅንቅ አላለም። የእናንተ ገመድ 12 ላይሰጣችሁ ይችላል፣ 9 ወይም 20 ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም። መታየት ያለበት ሦስቱ ውጤቶች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። እስከ 10 በመቶ ያህል ቢለያዩ በቤት ዕቃ ለተሠራ ሙከራ ጥሩ ነው።

9. አሁን ፍጥነቱን በእውነት የሚቀይረውን ነገር ንኩ። ጄሪካኑ ውስጥ ያለውን ውሃ 4 ሊትር አድርጉትና የአንድ ቅስቱን ልኬት ድገሙት። የገመድ ሞገድ ፍጥነት የሚያድገው በውጥረቱ ካሬ ሥር ልክ ነው፤ ውጥረቱ 4 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 2 እጥፍ። የእናንተ ግን ከ2 ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ጄሪካኑ ራሱ ክብደት አለው። ባዶው ሩብ ኪሎ ቢመዝን ከ1.25 ወደ 4.25 ኪሎ ነው የሄዳችሁት፣ ይህ 3.4 እጥፍ ነው፣ ካሬ ሥሩ 1.84። ሱቅ ያለ ሚዛን ላይ ጄሪካኑን ካስመዘናችሁ ስሌታችሁ ከልኬታችሁ ጋር ሲገጥም ታያላችሁ፤ እኔ ይህን ቦታ በጣም እወደዋለሁ፣ ተማሪ ቀመር የሚያምነው ያኔ ነው።

ቤት ውስጥ ክራር ወይም ማሲንቆ ካለ ይህንኑ በጆሮ መስማት ይቻላል። መቃኛውን ስታጠብቁ ውጥረቱ ይጨምራል፣ ሞገዱ ይፈጥናል፣ የሚርገበገበው ርዝመት ስላልተቀየረ ድግግሞሹ ከፍ ይልና ድምፁ ይቀጥናል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ደግሞ ፍጥነቱ እዚያው ሆኖ ርዝመቱ ነው የሚያጥረው።

ሙከራ ሁለት፦ ውሃ

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከጄሪካኑ ያለውን ውሃ እዚህ ተጠቀሙበት፣ ስትጨርሱም ለቤት መወልወያ ይሆናል። መያዣው ግን ሳሙና እንዳይኖረው በደንብ ይለቅለቅ፤ ሳሙና የውሃውን ገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ትንንሾቹ ሞገዶች ይበላሻሉ።

1. መያዣውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያህል ውሃ ጨምሩ። ጥልቀቱን በሁለቱም ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። እኩል ካልሆነ ከሥር ወረቀት አጥፋችሁ አስተካክሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ስለሆነ ዋናው ነገር ነው።

2. አንዱን ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አንስታችሁ ልቀቁት። አንድ ሰፊ ሞገድ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ ይሄዳል። ብዙ አታንሱት፤ ሞገዱ ከጥልቀቱ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ከሆነ ቀመሩ አይሠራም።

3. 3 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ያዙ። በ40 ሳንቲ ሜትር መያዣ ይህ 240 ሳንቲ ሜትር ነው። ፍጥነቱ 9.8 በጥልቀቱ (በሜትር) ተባዝቶ የሚገኘው ካሬ ሥር ነው። ለ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በሴኮንድ 31 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ ማለትም ወደ 7.7 ሰከንድ መያዝ አለባችሁ።

4. ጥልቀቱን 4 ሳንቲ ሜትር አድርጉና ድገሙ። አሁን 3.8 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል፤ ጥልቀት 4 እጥፍ፣ ፍጥነት 2 እጥፍ። የገመዱ ሕግ በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ውሃውን በጣት ነክቶ የሚወጡትን ደቃቅ ሞገዶች መለካት ነው። ከ2 ሳንቲ ሜትር የሚያንሱት ሞገዶች በዋናነት የሚገዙት በውሃው ገጽ ውጥረት ነው፣ በጥልቀት አይደለም፤ ስለዚህ ከቀመሩ ጋር አይገጥሙም። እነሱ ለሚቀጥለው ነገር ነው የሚያስፈልጉት።

5. መያዣውን ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ውሃውን ወደ 1 ሳንቲ ሜትር መልሱ። እያንዳንዱ ሞገድ ብርሃኑን ግርጌው ላይ እንደ ደማቅ መስመር ይጥለዋል፤ ላዩን ከማየት ይህን ማየት ይቀላል። ሁለቱን ስባሪዎች መሀል ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትታችሁ እንደ አጥር አቁሙ። ከወዲህ በኩል በማስመሪያ ቀጥ ያለ ሞገድ ላኩ። ከክፍተቱ የሚወጣው ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀርና እንደ ግማሽ ክብ ይበተናል። ክፍተቱን አስፉት፣ ብትንትኑ ይቀንሳል። ክፍተቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ነው መበተኑ የሚጎላው። ከግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው ሲያወራ የምንሰማው ግን የማናየውም ለዚህ ነው፤ የንግግር ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከአሥር ሳንቲ ሜትሮች እስከ ሜትሮች ይደርሳል፣ የብርሃን ግን ከ0.0004 እስከ 0.0007 ሚሊ ሜትር ነው።

6. ስባሪዎቹን አውጡና በሁለት ጣት በእኩል ምት ውሃውን ንኩ። በሁለቱ ሞገዶች መሀል ረጋ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። እዚያ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር ስለሚገናኝ ይጠፋፋሉ። ሁለቱም ጣት አንድ ላይ ካልመታ መስመሩ ይዋዥቃልና በአንድ እጅ ሁለት ጣት ብትጠቀሙ ይሻላል።

ጎርጎራ የመሄድ ዕድል ያላችሁ ደግሞ ጣና ዳር ሆናችሁ ሞገዱን ተመልከቱ። ከሐይቁ መሀል አግድም ሲመጣ የነበረው ሞገድ ወደ ዳር ሲቀርብ ይጠመዘዝና ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ጥልቀት የሌለበት ላይ ቀድሞ የደረሰው ጫፍ ስለሚዘገይ ነው። ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ ቢልሃርዝያም ጉማሬም ስላለ ውሃው ውስጥ አትግቡ።

ሙከራ ሦስት፦ ድምፅ

1. ፊት ለፊት ሌላ ሕንፃ የሌለው ትልቅ ግድግዳ ያለበት ሜዳ ፈልጉ። ማለዳ ይሻላል፣ ጸጥ ስለሚል። ፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለው ግንብ ያጓጓል ግን መኪናና ሰው ስለሚበዛ የገደል ማሚቶው አይሰማችሁም።

2. ከግድግዳው 50 ሜትር ለኩ። በእርምጃ አትገምቱ። ከ20 ሜትር ካነሰ ጭብጨባውና ማሚቶው ይደባለቃሉ።

3. ሁለት እንጨት አጋጩ ወይም በኃይል አጨብጭቡ። ማሚቶው ከተሰማችሁ በኋላ እያንዳንዱ ማሚቶ በሁለት ጭብጨባ ትክክለኛ መሀል ላይ እስኪወድቅ ድረስ ምታችሁን አስተካክሉ። ጭብጨባ፣ ማሚቶ፣ ጭብጨባ፣ ማሚቶ፤ ሁሉም በእኩል ርቀት። ጊዜውን በቀጥታ መያዝ የማይቻለው ማሚቶው በ0.3 ሰከንድ ስለሚመለስ ነው።

4. የ20 ምት ጊዜ ያዙና ለ20 አካፍሉ። በአንድ ምት ውስጥ ድምፁ ደርሶ መልስ ሄዶ ያንኑ ያህል ጊዜ ስለሚጠብቅ፣ ፍጥነቱ የርቀቱ 4 እጥፍ ለአንድ ምት ጊዜ ሲካፈል ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ከሆነ 20 ምት 11.7 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 343 ሜትር ይሆናል። በየ1 ዲግሪው 0.6 ሜትር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

«ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስለሚሳሳ፣ ድምፅ ይዘገያል» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ብንሆንም የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ ፍጥነቱ ላይ ለውጥ አያመጡም። የሚቆጠረው ሙቀቱ ነው። ጮክ ብሎ ማጨብጨብም ድምፁን አያፈጥነውም።

ክረምት ላይ መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ በሰከንድ ቁጠሩና ለ3 አካፍሉ፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህን ቤት ውስጥ ሆናችሁ ብቻ ሥሩት። 30 ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ቅርብ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ወይም እንደ ጎሃ ባለ ከፍታ ላይ መሆን የለባችሁም።

ውጤቱ እንቢ ካለ

ከገመዱ የመጣው ውጤት ሁሌ ትንሽ ከፍ የሚል ከሆነ አቆጣጠራችሁን ፈትሹ። ስቶፕዎቹ ሲነሳ «አንድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ «ሃያ» ስትሉ ያለፈው 19 ምት ነው። «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩ።

በትክክል ግማሽ ሆኖ ከመጣ አንዱን ቅስት እንደ ሙሉ ሞገድ ቆጥራችኋል።

ሦስቱ ቁጥሮች ጭራሽ ካልተቀራረቡ ጄሪካኑን እዩት። እየዘለለ ከሆነ ውጥረቱ አብሮ ይዘላል፤ የእጃችሁን እንቅስቃሴ አሳንሱ። ገመዱ ብረቱ ላይ ተይዞ ጄሪካኑ በደንብ ካልተንጠለጠለም ያው ነው። ገመዱ ከርጥበት ነፃ ይሁን፤ የረጠበ የቃጫ ገመድ ይከብዳል፣ ሞገዱም ይዘገያል፣ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ውጤቱ በየልኬቱ ይቀያየራል። ረጥቦ ከሆነ አስጥታችሁ በማግሥቱ ድገሙት።